አንደኛዋ ባትሪ ለምን ቀድማ ትሞታለች?

40፣ 28፣ 22፣ 10።

ክላምፕ ሜትሩ (ኬብሉን አቅፎ በውስጡ የሚያልፈውን ከረንት የሚያነበው መሣሪያ) ከአራት ባትሪዎች ላይ ያነበበልኝ አምፒር ይሄ ነው። አራቱም ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት፣ አንድ ቀን የተገዙ፣ በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) የታሰሩ ናቸው። ኢንቨርተሩ፣ የባትሪውን ከረንት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ፣ 100 አምፒር ይስባል። ለአራት ሲካፈል 25፣ 25 ይደርሳቸዋል ብሎ የማይጠብቅ የለም። እኔም ጠብቄ ነበር።

ባትሪዎቹ የአንድ ወዳጄ ናቸው። ታሪኩ የሚጀምረው ከነዚህ በፊት በነበሩት አራት ባትሪዎች ነው። 14 ወር እንደሰሩ አንደኛዋ ሞተች። ሦስቱ ገና ደህና ነበሩ። አዲስ ከአሮጌ ጋር አይታሰርም ተባለና አራቱም ተቀየሩ። አዲሶቹ ስምንት ወር ሲሞላቸው ኢንቨርተሩ ከወትሮው ቀደም ብሎ መጮህ ጀመረ። ወዳጄ አራቱንም ለያይቶ፣ ቻርጅ አድርጎ፣ አንድ በአንድ ሲፈትሻቸው ደክማ የተገኘችው ማን ናት? አንደኛዋ።

"ሁለት ጊዜ ፌክ ባትሪ ሸጡልኝ" አለኝ በስልክ።

"ሁለቱም ጊዜ ፌኳን መርጠህ አንደኛ ቦታ ላይ አስቀመጥካት ማለት ነው?" አልኩት።

ዝም አለ። ባትሪዋ ሌላ ናት፣ ቦታው ግን ያው ነው። መፈተሽ ያለበት ቦታው ነው ማለት ነው።

አስተሳሰሩን ላስረዳ። አራቱ ባትሪዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ከአንደኛዋ ፖዘቲቭ ወደ ሁለተኛዋ ፖዘቲቭ አጭር ኬብል አለ። ከሁለተኛዋ ወደ ሦስተኛዋ፣ ከሦስተኛዋ ወደ አራተኛዋም እንደዚያው። በኔጌቲቭ በኩልም ሦስት አጫጭር ኬብሎች አሉ። ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄዱት ሁለት ወፋፍራም ኬብሎች ግን ሁለቱም የተነሱት ከአንደኛዋ ባትሪ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኢንቨርተሩ የተሰቀለው በእሷ በኩል ነው። ኬብሉ እዚያ ደረሰ፣ እዚያው ታሰረ።

ወረቀት ላይ ሲሳል ምንም እንከን የለውም። ወረቀት ላይ ግን ሽቦ ሬዚስታንስ የለውም። እውነተኛው ዕቃ ላይ የአንደኛዋ ከረንት በቀጥታ ይወጣል። የአራተኛዋ ግን ሦስት ኬብል በፖዘቲቭ፣ ሦስት ኬብል በኔጌቲቭ አቋርጦ ነው ኢንቨርተሩ ጋ የሚደርሰው።

"እሱማ ኢምንት ነው" ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ ትንሽ ነው። ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ኬብል በሜትር 1.1 ሚሊኦም ገደማ አለው። የኛዎቹ 30 ሳንቲሜትር ናቸው። ጫፋቸው ላይ ያሉት ላጎች (ቡሎን የሚገባባቸው የብረት ጫፎች) ሲጨመሩ አንዱን ኬብል 0.5 ሚሊኦም ብዬ ያዝኩት። አንድ ኦም ለሁለት ሺህ ሲካፈል መሆኑ ነው።

ነገር ግን የባትሪውም የውስጥ ሬዚስታንስ ትንሽ ነው። ባትሪዎቹን ለየብቻ 20 አምፒር ሳስጎትታቸው ቮልቴጃቸው ከ12.62 ወደ 12.52 ወረደ። 0.1 ቮልት ለ20 አምፒር ሲካፈል 5 ሚሊኦም ይሰጣል። አራቱም ከ4.9 እስከ 5.1 ባለው ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ለሁሉም 5 ያዝኩ። አሁን አወዳድሩ። አንድ የፖዘቲቭና አንድ የኔጌቲቭ ኬብል ሲደመሩ 1 ሚሊኦም ናቸው። የባትሪዋ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። አንድ አምስተኛ አይናቅም።

የአራቱን ባትሪዎች ከረንት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው። ሀ ከኢንቨርተሩ ጋር የተያያዘችው ናት፣ መ የመጨረሻዋ። የባትሪዎቹ የራሳቸው ቮልቴጅ እኩል ነው ብለን እንነሳ። የሚያስፈልጉን ሁለቱ የኪርሆፍ ሕጎች ብቻ ናቸው። አንድ መገናኛ ላይ የገባው ከረንት ሁሉ ይወጣል። በአንድ ዙር ውስጥ ደግሞ የቮልቴጅ ለውጦቹ ተደምረው ዜሮ ይሆናሉ።

በሦስተኛዋና በአራተኛዋ መካከል ያለውን ዙር እንያዝ። በዚያ መሃል ያሉት ኬብሎች የሚሸከሙት የመጨረሻዋን ከረንት ብቻ ነው። ስለዚህ፦

5 ሐ = 5 መ + 1 መ

ለ5 ሲካፈል፣ ሐ = 1.2 መ። በሁለተኛዋና በሦስተኛዋ መካከል ያሉት ኬብሎች ሐ እና መን አብረው ይሸከማሉ። በአንደኛዋና በሁለተኛዋ መካከል ያሉት ደግሞ ሦስቱንም ይሸከማሉ። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ስናመጣቸው ሦስት ረድፍ ይወጣል፦

ሀ − 1.2 ለ − 0.2 ሐ − 0.2 መ = 0
ለ − 1.2 ሐ − 0.2 መ = 0
ሐ − 1.2 መ = 0

አራት ያልታወቁ፣ ሦስት እኩልዮሽ። አንድ ይጎድላል። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ስህተቴን የምነግራችሁ ከትክክሉ በላይ ስላስተማረኝ ነው። አራተኛ ዙር ፈለግኩና ከአንደኛዋ ተነስቶ በአራተኛዋ በኩል የሚመለሰውን ትልቁን ዙር ወሰድኩ፦

ሀ − 0.2 ለ − 0.4 ሐ − 1.6 መ = 0

አራት በአራት ማትሪክስ (የረድፎቹ ቁጥሮች ሰንጠረዥ) ሞላልኝ ብዬ ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት። "ማትሪክሱ ሲንጉላር ነው" ብሎ መለሰልኝ፤ አንድ የተወሰነ መልስ አይሰጥም ማለቱ ነው። ዲተርሚናንቱ ዜሮ ነው። የጻፍኩትን ቁጥር ደጋግሜ አየሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ከዚያ ሦስቱን ረድፎች ደመርኳቸው። ድምራቸው ልክ አራተኛዋ ረድፍ ሆነ። አዲስ ነገር አልነገርኩትም፣ የነገርኩትን ነው የደገምኩለት።

ጉስታቭ ኪርሆፍ ሁለቱን ሕጎች እ.ኤ.አ. በ1845 ሲያወጣ የ21 ዓመት ተማሪ ነበር፣ በፕራሻ ከተማ በኮኒግስበርግ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1847 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ የኔን ስህተት አስቀድሞ መልሶልኛል፤ ከዙሮቹ ውስጥ ከሌሎቹ ተደምረው የማይገኙት ስንት ናቸው? የቅርንጫፎቹን ብዛት ቁጠር፣ የመገናኛዎቹን ብዛት ቀንስ፣ አንድ ጨምር። በኛ ሰርኪት አራት ባትሪ፣ ስድስት አጫጭር ኬብል፣ አንድ ኢንቨርተር አለ፤ 11 ቅርንጫፍ። የባትሪ ፖሎቹ 8 ናቸው። 11 − 8 + 1 = 4። አራት ዙር አለ ማለት ነው፤ አራተኛው ግን የግድ በኢንቨርተሩ በኩል ማለፍ አለበት። የኔ ትልቁ ዙር ኢንቨርተሩን ዘሎት ነበር።

ልብ በሉ፣ ኢንቨርተሩን ስዘለው ምን ያህል እንደሚስብ ለማትሪክሱ አልነገርኩትም። ስለዚህ አንድ መልስ ሊሰጠኝ አይችልም። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮም ለእሱ ትክክል ነው።

መጀመሪያ ላይ ይሄን እንደ ጥፋት ነው ያየሁት። ቆይቼ ግን ሲንጉላር የሆነውን ማትሪክስ መልሼ አወጣሁት። ዜሮ የሚያደርጉት ቬክተሮች የትኞቹ ናቸው? በሊኒየር አልጀብራ ትምህርት ነል ስፔስ የሚባለው ነው። ተማሪ ሆኜ ለፈተና ሸምድጄው ያለፍኩት ነገር ነው። እዚህ ግን ነል ስፔሱ ራሱ የፈለግኩት መልስ ሆኖ ተገኘ።

በእጅ ይሰራል፤ ኮምፒውተርም አይፈልግም። ከታች ጀምሩ። መ 1 ትሁን። ሐ 1.2 ትሆናለች። ለ ማለት 1.2 × 1.2 ሲደመር 0.2፣ 1.64። ሀ ደግሞ 1.2 × 1.64 ሲደመር 0.2 × 1.2 ሲደመር 0.2፣ 2.408።

ነል ስፔሱ ያለው ይሄ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ 2.408፣ 1.64፣ 1.2፣ 1። ኢንቨርተሩ 10 አምፒር ሳበ 100 አምፒር፣ ክፍፍሉ በዚህ ምጣኔ ነው። ጭነቱ መጠኑን ይወስናል እንጂ ክፍፍሉን አይነካም። ክፍፍሉን የወሰኑት አጫጭሮቹ ኬብሎችና የታሰሩበት ቦታ ናቸው። ቻርጅ ሲደረግም ያው ነው፤ ቻርጀሩ እዚያው አንደኛዋ ላይ እስከታሰረ ድረስ ምልክቱ ብቻ ይገለበጣል። አንደኛዋ አብዝታ ትሰጣለች፣ አብዝታ ትቀበላለች።

ድምሩን 100 ለማድረግ ትክክለኛውን አራተኛ ረድፍ ጨመርኩ፣ ሀ + ለ + ሐ + መ = 100። የአራቱ ምጣኔ ድምር 6.248 ነው። እያንዳንዱን በዚያ ሳካፍልና በ100 ሳባዛ 38.5፣ 26.2፣ 19.2፣ 16.0 መጣ። ባትሪ አልተበላሸ፣ ኬብል አልተበላሸ፣ ሁሉም አዲስ ሆኖ ሳለ አንደኛዋ ከአራተኛዋ 2.4 እጥፍ ትሰራለች። ወዳጄን "ፌክ አልተሸጠልህም" ልለው የቻልኩት በዚህ ነው።

ግን የክላምፕ ሜትሩ ንባብ 40፣ 28፣ 22፣ 10 ነበር።

(በነገራችን ላይ፣ ተራ ክላምፕ ሜትር ኤሲ ብቻ ነው የሚያነበው። ለባትሪ ዲሲ የሚያነብ ያስፈልጋል። ከመለካት በፊትም ዜሮ መደረግ አለበት፤ አለበለዚያ የራሱን ሁለት ሦስት አምፒር ይጨምርላችኋል።)

አንደኛዋ 38.5 ሆና 40 ብትነበብ ልለፈው እችል ነበር። አራተኛዋ ግን 16 መሆን ሲገባት 10 ናት። ይሄ የመለኪያ ስህተት አይደለም። አንዳንዱ ሰው እዚህ ላይ "ቲዎሪና ተግባር ይለያያል" ብሎ ወረቀቱን ያጥፋል። እኔ ይሄን አባባል አልወደውም። ሒሳቡ ያመነው አንድ ነገር በቦታው የለም ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ረድፎቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

የተነበቡትን አራት ቁጥሮች በየረድፉ አስገባኋቸው። የመጀመሪያው ረድፍ፣ 40 − 1.2 × 28 − 0.2 × 22 − 0.2 × 10። መልሱ 0 ነው። ሁለተኛው፣ 28 − 1.2 × 22 − 0.2 × 10። −0.4፣ ዜሮ በሉት። ሦስተኛው፣ 22 − 1.2 × 10። 10። ሁለቱ ረድፎች ጤነኛ ናቸው፤ ሦስተኛው አይደለም። ሦስተኛው ረድፍ የሚናገረው በሦስተኛዋና በአራተኛዋ መካከል ስላሉት ኬብሎች ነው።

አሁን ነገሩን ገለበጥኩት። ከረንቶቹ ይታወቃሉ፣ የማይታወቀው የኬብሎቹ ሬዚስታንስ ነው። 5 × (22 − 10) ለ10 ሲካፈል 6 ሚሊኦም። 1 መሆን የነበረበት 6 ገደማ ሆኗል። ገደማ ያልኩት ክላምፕ ሜትሩ 10 ሲል 10.4ም ሊሆን ስለሚችል ነው።

አንድ የማይነግረን ነገር ግን አለ። በዚህ አስተሳሰር የፖዘቲቩና የኔጌቲቩ ኬብል ረድፉ ውስጥ የሚገቡት ተደምረው ነው። ስለዚህ የቱ እንደተበላሸ ማትሪክሱ አያውቅም፤ ድምራቸውን ብቻ ነው የሚያየው። መልቲሜትሩን ወደ ሚሊቮልት አዞርኩና ጭነቱ እንዳለ ጫፎቹን ከአንዱ የባትሪ ፖል ወደ ሌላው ፖል አስነካሁ። በፖዘቲቭ በኩል 5 ሚሊቮልት። በኔጌቲቭ በኩል 52። 52 ሚሊቮልት በ10.3 አምፒር፣ 5 ሚሊኦም። አንድ ኬብል የአሥር ኬብል ያህል ሬዚስታንስ ይዟል።

በዓይን ሲታይ ምንም አይታይበትም ነበር። ኬብሉ አዲስ ነው፣ ቡሎኑ ጠብቋል። ፈትቼ ሳወጣው ግን ላጉ ከባትሪው ፖል ጋር የሚገናኝበት ፊት ላይ ግራጫ ሻጋታ የመሰለ ነገር ይዟል፤ የተነካካው ከሩብ በማይበልጥ ጠርዙ ብቻ እንደነበር ከሚያበራው ቦታ ያስታውቃል። በእጄ ይዤ ለወዳጄ አሳየሁት። "ይሄ ነው እንዴ?" አለ። ቅር ያለው መሰለኝ፤ ትልቅ ነገር ጠብቆ ነበር።

አላጸዳሁትም። መልሼ አሰርኩት። ምክንያቱም አንድ ነገር ላሰላ ፈልጌያለሁ።

በባትሪ ሥራ ያሉ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ምክር አለ። በፓራለል የታሰሩ ባትሪዎች ካሉህ ፖዘቲቩን ከመጀመሪያዋ፣ ኔጌቲቩን ከመጨረሻዋ ውሰድ። ሰያፍ አስረው ይባላል። ወዳጄም ይሄን የሆነ ቦታ ሰምቶ ኬብሉን ለማዞር ቁልፉን ይዞ ነበር የጠበቀኝ። ምክሩ ጥሩ ነው። በጤነኛ ኬብል ላይ ረድፎቹ ይሄን ይመስላሉ፦

1.1 ሀ − 1.1 ለ − 0.1 ሐ − 0.1 መ = 0
0.1 ሀ + 1.1 ለ − 1.1 ሐ − 0.1 መ = 0
0.1 ሀ + 0.1 ለ + 1.1 ሐ − 1.1 መ = 0

ከላይ ወደ ታች ያለውን ከታች ወደ ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያለውን ከቀኝ ወደ ግራ ገልብጡት፤ ምልክቱ ይቀየር እንጂ ያው ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሀ እና መ እኩል፣ ለ እና ሐ እኩል መሆናቸው ሳይሰላ ይታወቃል። ሲሰላ 27.3፣ 22.7፣ 22.7፣ 27.3 ይመጣል።

ግን የኛ ኬብል ጤነኛ አይደለም። የተበላሸው በኔጌቲቭ በኩል በሦስተኛዋና በአራተኛዋ መካከል ያለው ነው። በድሮው አስተሳሰር ያ ኬብል የአራተኛዋን 10 አምፒር ብቻ ነበር የሚሸከመው። ኔጌቲቩ ወደ አራተኛዋ ሲዞር ግን የሦስቱም ባትሪ መመለሻ በእሱ በኩል ሊሆን ነው። ሦስተኛው ረድፍ ተቀየረ፦

ሀ + ለ + 2 ሐ − 1.1 መ = 0

ፈታሁት። 20.5፣ 14.6፣ 11.7፣ 53.2።

አራተኛዋ ብቻዋን 53 አምፒር! ያ አንድ ላግ ላይ ደግሞ 47 አምፒር በ5 ሚሊኦም ውስጥ እያለፈ ወደ 11 ዋት ሙቀት ይወጣል፣ ቡሎን በምታህል ቦታ። የምትሞተው ባትሪ ትቀየር ነበር እንጂ ሞቱ አይቀርም ነበር። ያን ጊዜ ወዳጄ "አራተኛዋ ፌክ ናት" ብሎ ሊደውልልኝ ነው።

ወረቀቱን አሳየሁትና ቁልፉን አስቀመጠ።

በቅደም ተከተል ሄድን። መጀመሪያ ላጉና ፖሉ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበሩ ድረስ ጸዱ፤ ዝገት የሚከላከል ቅባት ተቀብቶ ቡሎኑ ተጠበቀ። አስተሳሰሩን ሳንነካ ለካን። 38፣ 26፣ 19፣ 16። ሒሳቡ 38.5፣ 26.2፣ 19.2፣ 16.0 ብሎ ነበር። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ኔጌቲቩ ወደ አራተኛዋ የዞረው። ዋናው ኬብል በአንድ ሜትር ገደማ መርዘም ነበረበት። ወዳጄ እሱ ራሱ ሬዚስታንስ አይጨምርም ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ይጨምራል። ግን ከሦስቱ ረድፎች አንዱም ውስጥ አይገባም፤ የአራቱም ከረንት አንድ ላይ ነው የሚያልፍበት። ኢንቨርተሩ ጋ የሚደርሰውን ቮልቴጅ ትንሽ ይቀንሳል፣ ክፍፍሉን አይነካም።

ንባቡ 27፣ 23፣ 22፣ 28 ሆነ።

"ታዲያ 25፣ 25 ለምን አይሆንም?" አለኝ።

ሰያፍ ማሰር እኩል ያካፍላል የሚሉ አሉ። አያካፍልም፤ ዳርና ዳር ያሉት ትንሽ ይበልጣሉ። 25፣ 25 ከተፈለገ የአራቱም ባትሪዎች ፖዘቲቮች ወደ አንድ፣ ኔጌቲቮቻቸው ደግሞ ወደ ሌላ ወፍራም የመዳብ አሞሌ እኩል ርዝመት ባለው ኬብል መምጣት አለባቸው። ያን ጊዜ ረድፎቹ ሀ − ለ = 0፣ ለ − ሐ = 0፣ ሐ − መ = 0 ብቻ ይሆናሉ። ስምንት እኩል ኬብል ይፈልጋል። ወዳጄ ኬብሎቹን ቆጠረና "27 ይበቃኛል" አለ። በአራት ባትሪ እኔም እስማማለሁ። ስምንት ባትሪ ቢሆኑ ኖሮ አሞሌውን አስገድደው ነበር።

ሳልናገር የማላልፈው አንድ ነገር አለ። የባትሪዎቹ ቮልቴጅ እኩል ነው ብዬ ነው የተነሳሁት። ጭነቱ ሲጀመር እውነት ነው፣ እየቆየ ግን አይደለም። አብዝታ የምትሰጠው ቶሎ ትወርዳለች። ይሄ ወደ ረድፎቹ የሚገባው በቀኝ በኩል ነው። ለምሳሌ አንደኛዋ ከሌሎቹ በ20 ሚሊቮልት ዝቅ ብትል፣ 20 ለ5 ሲካፈል፣ በመጀመሪያው ረድፍ ቀኝ ከ0 ይልቅ −4 ይጻፋል። ማትሪክሱ አይነካም።

ሊኒየር መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ ሁለቱን ለየብቻ ፈትቶ መደመር ይቻላል። የጭነቱ መልስ በድሮው አስተሳሰር 38.5 ነው። የ20 ሚሊቮልቱ መልስ ለብቻው −2.5 ነው። ሲደመሩ አንደኛዋ 36 ትሰጣለች። ጭነቱ ሲጠፋ ደግሞ የመጀመሪያው መልስ ይጠፋል፤ ሁለተኛው ብቻውን ይቀራል። ኢንቨርተሩ ተዘግቶ ሳለ ሦስቱ ባትሪዎች አንደኛዋን በ2.5 አምፒር ቻርጅ ያደርጋሉ ማለት ነው። ይሄን በክላምፕ ሜትር አይተነዋል። ወዳጄ "ኢንቨርተሩ ጠፍቶ ከረንት ከየት መጣ?" ብሎ መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ነበር።

በድሮው አስተሳሰር ጭነቱ ከቆየ አራቱ ወደ 25 የሚጠጉት መቼ ነው? ሁሉንም 25 አድርጋችሁ ረድፎቹ ውስጥ አስገቡ። በቀኝ በኩል −15፣ −10፣ −5 ይመጣል። በ5 ሚሊኦም ሲባዛ 75፣ 50፣ 25 ሚሊቮልት። አንደኛዋ ከአራተኛዋ በ150 ሚሊቮልት ዝቅ ማለት አለባት። በ12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ይሄ በግምት ከመቶ 15 ያህል የቻርጅ ልዩነት ነው። በሌላ አነጋገር፣ እኩል እስኪሰሩ ድረስ አንደኛዋ አስቀድማ ከሌሎቹ ጠልቃ ትወርዳለች። ኢንቨርተሩ በተነሳ ቁጥር፣ በየቀኑ። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ጠልቆ በወረደ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። 14 ወሩ የሄደው እንደዚህ ነው።

ዛሬ ከባትሪዎቹ ሳጥን ክዳን ውስጥ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። በወዳጄ እጅ ጽሑፍ 27፣ 23፣ 23፣ 27 ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ "ጭነት ሲበራ፣ ወዲያው"። ወር በገባ ቁጥር ይለካል። በሦስተኛው ወር ደውሎልኝ ነበር። ጭነቱ ሲጀመር 27፣ 23፣ 23፣ 27 ነው፤ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን 24፣ 24፣ 23፣ 29። ኬብል ፈትሽ አልኩት፣ ሚሊቮልቶቹን አነበበልኝ፣ ሁሉም ደህና ናቸው። አንደኛዋ ናት፤ በስምንቱ ወር ያጣችው አቅም ነው፣ ቶሎ ትወርዳለች። በቀኝ በኩል ያለው ቁጥር ነው የተቀየረው።

"ልቀይራት?" አለኝ።

"ገና ነው" አልኩት። "መጀመሪያ 20 ስትደርስ ንገረኝ።"